የቡና ኮታ ስምምነት፦ መንግሥታት ለምን ተዋዋሉ፤ ለምንስ ተዉት?

ዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት ቡና አምራችና ገዥ ሀገራት የገበያውን ዋጋ ለማረጋጋት በ1962 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የተዋዋሉበት ሰነድ ነው። አስፈጻሚው ዓለም አቀፍ የቡና ድርጅት በቀጣዩ ዓመት በለንደን ተቋቋመ። ኢትዮጵያም የድርጅቱ አባል ናት። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በስምምነቱ መሠረት እያንዳንዱ አምራች ሀገር ወደ አባል ገዥዎች የሚልከው የቡና መጠን በኮታ ተወስኖ ነበር። ዋጋ ሲወርድ ኮታው ይጠብቃል፤ ሲንር ይላላል ወይም ለጊዜው ይነሣል። በ1980ዎቹ የታለመው ዋጋ ለአንድ ፓውንድ፣ ማለትም ለግማሽ ኪሎ ግራም ገደማ፣ ከ1.20 እስከ 1.40 ዶላር ነበር። ገዥ ሀገራት ከኮታ ውጭ የመጣን ቡና ባለማስገባት ገደቡን ያስከብሩ ነበር። አሜሪካ በስምምነቱ የገባችውም በቀዝቃዛው ጦርነት ወቅት የላቲን አሜሪካ ሀገራት በቡና ዋጋ መውደቅ ምክንያት ወደ ኮሚኒዝም እንዳያዘነብሉ በመስጋት ጭምር ነው።

ይሁን እንጂ ሁለት ቅሬታዎች እየከረሩ መጡ። አንደኛው፣ የገዥዎች ፍላጎት ወደ ታጠበ አረቢካ ቢያደላም የኮታው ድርሻ በቀላሉ የማይለወጥ መሆኑ ነው። ትልቁን ድርሻ የያዘችው ብራዚልም ድርሻዋን ለመቀነስ ፈቃደኛ አልሆነችም። ሁለተኛው፣ ትርፍ ቡና አባል ላልሆኑ ሀገራት በርካሽ ይሸጥ ነበር። መንግሥታቱ መስማማት ስላልቻሉ ሐምሌ 4 ቀን 1989 ኮታው ተነሣ።

በጥቂት ወራት ውስጥ ዋጋው ከሲሶ በላይ ወደቀ፤ በ1992 ወደ 50 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ወረደ። በ1993 አምራቾች ለብቻቸው የመሠረቱት ማኅበር ከአሥር ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ፈረሰ፤ ገደቡን የሚያስከብርለት ገዥ አልነበረውምና። በ2001 ዋጋው ከ50 ሳንቲምም በታች ሲወርድ በሐረርጌ ቡናቸውን ነቅለው ጫት የተከሉ አርሶ አደሮች ነበሩ።

የ1994፣ የ2007 እና የ2022 ስምምነቶች በመረጃ ልውውጥና በትብብር ላይ ያተኮሩ እንጂ ኮታ የላቸውም። አሜሪካ በ1993 ከድርጅቱ ወጥታ በ2005 ተመለሰች፤ በ2018 ዳግም ወጣች።

ዛሬ የአረቢካ ዋጋ መነሻ የኒውዮርክ ገበያ ነው። በብራዚል ውርጭ ሲወድቅ ዋጋው ይንራል፤ ምርት ሲትረፈረፍ ይወርዳል። አዲስ የተተከለ ቡና ፍሬ ለመስጠት ግን ከሦስት እስከ አራት ዓመት ስለሚፈጅበት፣ አርሶ አደሩ ከገበያው እኩል ሊፈጥን አይችልም።