ድምፅ የሌለው በረዶ

ከአዳማ ተነስቶ ወደ አሰላ የሚሄድ መንገደኛ አዋሽን ተሻግሮ ዴራ ሲደርስ ገና ቆላ ውስጥ ነው። ግራር፣ አቧራ፣ ሙቀት። ሰማዩ ከጠራ ግን ከፊቱ ጭላሎ ይታያል፤ ከፍታው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። በተማሪነቴ ዘመን አንድ የነሐሴ ማለዳ፣ የተሳፈርኩበት ቅጥቅጥ ዴራ ላይ ቆሞ ሳለ የተራራው ጫፍ ነጭ ሆኖ አየነው። ተሳፋሪው በሙሉ ወደ መስኮት ዞረ። ረዳቱ ሳይቀር ሒሳብ መሰብሰቡን ትቶ ያይ ጀመር።

አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት አገራቸው ከጭላሎ ሥር ነው። «ሌሊት የወረደ ነው» አሉ። «አዎ አባባ፣ በረዶ ጥሏል» አልኳቸው። «ያ አንተ የምታውቀው በረዶ አይደለም ልጄ። እሱ ይንጫጫል፣ ቆርቆሮ ይደበድባል። ይሄኛው ድምፅ የለውም። ላይ ከብት ይዘን ስናድር ጠዋት ስንነሳ ነው የምናየው።» እኔ ደግሞ ጂኦግራፊ መማር ጀምሬ ነበርና፣ እንደ ፈረንጅ አገር ያለ በረዶ ኢትዮጵያ ውስጥ እንደማይጥል አስረዳኋቸው። ሰምተው ዝም አሉ። እስከ አሰላ ድረስ ሌላ ነገር አላወራንም።

ችግሩ ግማሹ የቃል ነው። ዛሬ በምንናገረው አማርኛ ቆርቆሮ የሚደበድበውም፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚረጋውም፣ በቴሌቪዥን ፈረንጆች የሚንሸራተቱበትም ሁሉም «በረዶ» ነው። ግዕዙ ግን ይለያል፦ «በረድ» ድንጋዩ፣ «አስሐትያ» ውርጩ፣ «ሐመዳ» ደግሞ እንደ ባዘቶ የሚወርደው ነው። «አመዳይ» የሚለው ቃላችንም እስከ ዛሬ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አለ፤ ከአፋችን ነው የጠፋው።

ልዩነቱ በፊዚክስም ትልቅ ነው። የበረዶ ድንጋይ የሚሠራው በነጎድጓድ ደመና ውስጥ እየወጣና እየወረደ ውሃ ሲደራረብበት ነው፤ ስለዚህ ጠጣርና ከባድ ነው። አመዳይ ግን የውሃ ተን በቀጥታ ወደ ክሪስታል ተለውጦ፣ ክሪስታሎቹ ተያይዘው፣ አየር ይዘው ቀስ ብለው ሲወርዱ ነው። ቅዝቃዜው ከበረታና ደረቅ ከሆነ፣ 10 ሳንቲ ሜትር አዲስ አመዳይ ሲቀልጥ 1 ሳንቲ ሜትር ውሃ እንኳ ላይሞላ ይችላል። የቀረው አየር ነው! የበረዶ ሸርተቴ ወዳጆች በየዓመቱ ኅዳር ሲደርስ እንቅልፍ የሚያጡት ለዚህ ዱቄት ነው። እግር ሥር ምንም እንደሌለ ያህል ይንሳፈፉበታል። ሲጥልም ከተማው ጸጥ ይላል፤ አየር የያዘው ንጣፍ ድምፅን ስለሚውጥ።

«ድምፅ የለውም።» ያኔ ነገሩ አልገባኝም።

ስለ አገራችን አመዳይ የምናውቀው ጥንታዊ ጽሑፍ ከአዱሊስ ወደብ የተገኘ ነው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በአፄ ካሌብ ዘመን፣ ኮስማስ የተባለ ነጋዴ አዱሊስ ላይ ከቆመ የእብነ በረድ ዙፋን የግሪክኛ ጽሑፍ ገለበጠ። (እብነ በረድ ማለት የበረዶ ድንጋይ ማለት መሆኑን ልብ ይሏል።) ጽሑፉን ያስቀረጸው ከካሌብ ብዙ ቀድሞ የነበረ አንድ የአክሱም ንጉሥ ነው። ስሙ ከቅጂው ጠፍቷል። ንጉሡ ወንዙን ተሻግሮ የሰሜንን ተራሮች ሕዝብ እንዳስገበረ ይናገራል፤ አገሩ ዓመቱን ሙሉ ውርጭና በረዶ የማይለየው፣ አመዳዩም ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰምጥበት ነው ይላል።

እስከ ጉልበት! ንጉሥ ድሉን ሲያስጽፍ እንደሚያጋንን አያጠራጥርም። ግን ሰው በበረዶ ድንጋይ ውስጥ እስከ ጉልበቱ አይሰምጥም። ይህን ያስጻፈው ሰው፣ ወይም የነገረው ወታደር፣ ምን እንደረገጠ ያውቃል።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ለእኔ የታሪኩ አሳዛኝ ክፍል ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከ1769 እስከ 1772 እ.ኤ.አ. አገራችንን ዞሮ ከተመለሰ በኋላ በጻፈው ትልቅ መጽሐፍ፣ በዚህ አገር አመዳይ የለም አለ። ብሩስ በአውሮፓ ብዙ ነገሩ አልታመን ብሎት የተሳቀበት ሰው ነበር፤ እሱም በተራው የሌላውን ምስክርነት ጣለ። ዓመታት ቆይቶ ሄንሪ ሶልት በ1814 ባሳተመው መጽሐፍ ነገሩን አነሳው። ራሱ የሰሜንን ተራሮች ነጭ ሆነው ከሩቅ አይቷል፤ በዚያ ያለፈው ናትናኤል ፒርስ የተባለ እንግሊዛዊ መርከበኛ ደግሞ አመዳይ ሲወርድበት ነበር። ፒርስ ምሁር አልነበረም። ግን የተናገረው ቁልፍ ነገር ነው፦ እየመታ ሳይሆን እንደ ላባ ቀስ ብሎ የሚወርድ ነበር አለ። ጉዳዩ ግን በዚህ አልተዘጋም። በ1960 እንኳ ፍሬድሪክ ሲሙንስ የተባለ የጂኦግራፊ ሊቅ ማስረጃዎቹን ሰብስቦ እንደገና መመርመር ነበረበት።

ወደ አርሲ እንመለስ። እዚህ ማስረጃው ድንጋይ ላይ ነው ያለው። ከጭላሎ ብዙም የማይርቀው የበዳ ተራራ በበረዶ ግግር ተሸፍኖ እንደነበር የሚያሳይ ጥናት በ1976 ታተመ። ግግር በረዶ ሲንቀሳቀስ ሸለቆውን ይፍቃል፣ ያግበሰበሰውን ድንጋይ ጫፉ ላይ ይከምራል። ሲቀልጥ ክምሩ ይቀራል። በ2021 ደግሞ የበርን ዩኒቨርሲቲው አሌክሳንደር ግሮስና ባልደረቦቹ የአርሲንና የባሌን ተራሮች ጥናት በ«ሳይንስ አድቫንስስ» አወጡ። ግግሩ የጣላቸውን ትልልቅ ድንጋዮች ዕድሜ የለኩት እንዲህ ነው፦ ድንጋዩ ከበረዶው ወጥቶ ሰማይ ካየበት ቀን ጀምሮ ከጠፈር የሚመጣ ጨረር ሲመታው ክሎሪን 36 የተባለ አቶም ይጠራቀምበታል፤ ያንን መቁጠር ነው። ውጤቱ ግግሩ እጅግ የሰፋው ከ42 እስከ 28 ሺህ ዓመት በፊት መሆኑን አሳየ። ይህ ብዙው የዓለም ክፍል ከደረሰበት የበረዶ ዘመን ጫፍ የቀደመ ነው። ተራሮቻችን የሌላውን አልተከተሉም፤ የራሳቸው የአየር ንብረት ታሪክ አላቸው።

ሰውስ ነበር? ነበር። በ2019 የታተመ ጥናት በባሌ፣ ፊንጫ ሀበራ በተባለ 3,469 ሜትር ላይ ባለ የዋሻ መጠለያ፣ በዚያው የግግር ዘመን ሰዎች ይኖሩ እንደነበር አሳይቷል። ግዙፉን የባሌ ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ ነበር፤ ለመሣሪያ የሚሆን ጥቁር የመስታወት ድንጋይ ከዚያም በላይ ካለው ቦታ ያመጡ ነበር። ግግሩ አጠገብ የኖሩ ኢትዮጵያውያን ናቸው፣ ቃሉን መጠቀም ከተቻለ።

ታዲያ ዛሬ ጭላሎ ላይ ለምን ሸርተቴ የለም? ምክንያቱ ቅዝቃዜ ማጣት ብቻ አይደለም። ለምድር ወገብ በቀረበ ተራራ ላይ በቀንና በሌሊት መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት በወራት መካከል ካለው ይበልጣል። ሌሊት የወረደው እኩለ ቀን ሳይሞላ ይቀልጣል። በላዩ ላይ ሌላ እየተደራረበ ወራት አይቆይም። እኛ ዘንድ ክረምት የሚመለሰው በየማታው ነው ማለት ይቻላል።

ክረምት ስል ደግሞ ሌላ ግርታ አለ። «የክረምት ኦሎምፒክ» እንላለን፤ ውድድሩ ግን በየካቲት፣ በእኛ በጋ ነው። የዴራ ገበሬ ክረምት መጣ ብሎ የሚደሰተው ዝናብ ስለመጣ ነው፣ የዴራ አፈር ደግሞ ዝናብ ጠማኝ ሲል የሚኖር ነው። የኖርዌይ ሰው የሚደሰተው መሬቱ ስለነጣ ነው። ደስታው ግን የአንድ ዘር ይመስለኛል፤ ሁለቱም ማለዳ ወጥተው ሰማዩን ያያሉ።

ኖርዌይን ያነሳሁት በከንቱ አይደለም። በበረዶ ላይ የተወዳደረ ኢትዮጵያዊ ማነው ቢባል ብዙዎች ሮቤል ተክለማርያምን ይጠራሉ፤ እሱን የቀደመው ግን አበበ ቢቂላ ነው። አበበ በመጋቢት 1969 በደረሰበት የመኪና አደጋ እግሮቹ ከዱት። በሚያዝያ 1971 በኖርዌይ ለአካል ጉዳተኞች በተዘጋጀ ውድድር በእንግድነት ተጠራ። እሱ ግን ተቀምጦ አላጨበጨበም፤ ቀስትና የጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ፣ ከዚያም ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ጋሪ የ25 ኪሎ ሜትር አገር አቋራጭ ገብቶ አንደኛ ወጣ። ሮምን በባዶ እግሩ ያሸነፈው ሰው በበረዶ ላይም አሸንፏል። ይህን ስንቶቻችን እንደምናውቅ እንጃ።

ሮቤል በ1974 አዲስ አበባ ተወልዶ በልጅነቱ አሜሪካ ሄደ። ሸርተቴ የለመደው የክረምት ኦሎምፒክን ሁለት ጊዜ ባስተናገደችው ሌክ ፕላሲድ፣ ትምህርት ቤት ሳለ ነው። ወደ አገሩ ተመልሶ የበረዶ ሸርተቴ ፌዴሬሽን አቋቋመ፤ ጎማ በተገጠመለት ሸርተቴ በአዲስ አበባ አስፋልት ላይ ተለማመደ። በ2006 ቶሪኖ ላይ የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዞ ብቻውን ገባ፤ በ15 ኪሎ ሜትር 83ኛ ወጣ። በ2010 ቫንኩቨር 93ኛ ሆነ። በ2014፣ በ2018 እና በ2022 ባንዲራችን አልነበረም። ብዙ ዘገባ ሮቤልን እንደ ቀልድ ነገር ነበር ያየው፦ በረዶ ከሌለበት አገር የመጣ ሸርተቴኛ! አገር አቋራጭ ሸርተቴ ግን ከሁሉ በላይ የሳንባና የልብ ውድድር ነው። በዚህ ረገድ ኃይሌን ያወጣችው አሰላ፣ ደራርቱን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን ያወጣችው በቆጂ ምን ያንሳቸዋል? የጎደለው ሌላ ነው፤ ገንዘብ፣ አሠልጣኝ፣ ወራት የሚቆይ አመዳይ።

የሶልትን መጽሐፍ ያነበብኩት ከዚያ ጉዞ ብዙ ዓመታት ቆይቼ ነው። የፒርስ ምስክርነት ላይ ስደርስ፣ ያ ቅጥቅጥና እኚያ አባት ትዝ አሉኝ። የዚያን ቀን ጭላሎን ያነጣው የበረዶ ድንጋይ ይሁን አመዳይ ዛሬ ማረጋገጥ አልችልም፤ ነጎድጓድ የጣለው ድንጋይም ተራራ ያነጣል፣ አብዛኛውን ጊዜም እሱ ነው። ግን ልጠይቃቸው የሚገባ ነገር ነበር፦ ስንት ጊዜ አዩት? በየትኛው ወር? ስንት ሰዓት ቆየ? በእጅ ሲጨብጡት ይጨበጣል ወይስ ይንኮታኮታል? አሰላ መናኸሪያ ስንደርስ በትራቸውን ይዘው ወረዱ፤ «ደህና ዋል ልጄ» ብለውኝ ወደ ገበያው ሄዱ።