መድኃኒት የሚያስታውሱ አፖች፣ ሳጥኖችና ሮቦቶች፦ ምን ይሠራሉ? ምን አይሠሩም?

«የጠዋቱን ውጫለሁ ወይስ አልዋጥኩም?» የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ያለበት ቤት ይህን ጥያቄ ያውቀዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2003 ባወጣው ሪፖርት፣ በበለጸጉት አገሮች እንኳን የረጅም ጊዜ ሕመም ካለባቸው ሰዎች መድኃኒታቸውን በታዘዘው መሠረት የሚወስዱት በአማካይ ግማሽ ያህሉ ናቸው (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ለዚህ ችግር የተሠሩትን መሣሪያዎች ከቀላሉ ጀምረን እንያቸው።

1. የስልክ አፕ
በጣም ከሚታወቁት አንዱ ሜዲሴፍ ነው። በ2012 እስራኤል ውስጥ የጀመሩት ሁለት ወንድማማቾች ናቸው፤ መነሻቸው የስኳር ታማሚ አባታቸው ኢንሱሊን መወጋቱን ረስቶ በስህተት መድገሙ ነበር። አፑ ሰዓቱ ሲደርስ ይጮኻል፣ «ወስጃለሁ» ስትሉት ይመዘግባል፣ ዝም ካላችሁት ደግሞ ለመረጣችሁት ሰው መልእክት ይልካል።

2. ስማርት ሳጥን
ይሄ እኛም አገር ተሞክሯል። አዲስ አበባ ውስጥ በ10 የጤና ተቋማት በ114 የቲቢ ታካሚዎች ላይ ተጠንቶ ውጤቱ በ2022 ታትሟል። በተለመደው አሠራር ታካሚው በየቀኑ ጤና ጣቢያ ሄዶ ባለሙያ እያየው ይውጣል። ሳጥኑ የተሰጣቸው ግን የ15 ቀን መድኃኒት ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ሳጥኑ ያስታውሳቸዋል፣ የተከፈተበትን ሰዓትም ይመዘግባል። መድኃኒታቸውን በአግባቡ በመውሰድ ከሚመላለሱት አላነሱም። የትራንስፖርቱንና የሥራ ሰዓቱን ነገር አስቡት!
በኋላ ግን በአዲስ አበባና በኦሮሚያ በ78 ተቋማት የተደረገ ሰፊ ጥናት፣ እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች የሕክምናውን የመጨረሻ ውጤት እንዳላሻሻሉ አሳይቷል።

3. ሮቦት
የፊንላንዱ ኢቮንዶስ በኖርዲክ አገሮች ብቻቸውን ለሚኖሩ አረጋውያን ቤት ይቀመጣል። ፋርማሲው የየሰዓቱን መድኃኒት በትንንሽ ከረጢት አሽጎ ያዘጋጃል፤ ሮቦቱ በድምፅና በመብራት ጠርቶ ያቀብላል። ካልተወሰደ ከረጢቱን ቆልፎ ያስቀምጥና ለነርሶቹ ያሳውቃል። የአሜሪካው ሄሮ ደግሞ እስከ 10 ዓይነት መድኃኒት ይይዛል፤ የሚሠራው በወርሃዊ ክፍያ ነው።

4. የሚዋጥ ሴንሰር
የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በኅዳር 2017 ውስጡ ሴንሰር ያለውን የመጀመሪያውን ክኒን ፈቀደ። ክኒኑ ሆድ ሲገባ ቆዳ ላይ ወደተለጠፈ መሣሪያ ምልክት ይልካል፣ ከዚያ ወደ ስልክ። ሴንሰሩን የሠራው ፕሮቲየስ ግን በ2020 ከሰረ።

ምን አይሠሩም?
ሳጥኑ መከፈቱን እንጂ መዋጡን አያውቅም። አፑም መነካቱን ብቻ ነው የሚያውቀው። «ተሽሎኛል» ብሎ የተወን ሰው፣ ወይም መግዣ ያጣን ሰው አላርም አይረዳውም። እሱን የሚረዳው «ለምን አልወሰድክም?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው።

ለቤተሰባችሁ ዛሬውኑ ስታስተካክሉ
- ሰዓቱን ልብ በሉ። ሐኪሙ «ጠዋት 1 ሰዓት» ካለ ስልኩ ላይ 7:00 ነው፤ «ማታ 2 ሰዓት» ደግሞ 20:00። እዚህ ላይ መሳሳት ቀላል ነው።
- ባትሪ ቆጣቢ አንዳንድ ስልኮች ላይ የአፕ ማስታወሻን ያጠፋል። አፑን ከዚያ አውጡት፣ ከዚያም ሞክሩት። አፕ ካስቸገረ የስልኩ የራሱ አላርም ይበቃል።
- ያመለጠን መድኃኒት ለማካካስ ደርቦ መውሰድ አይገባም። በተለይ ኢንሱሊን ከሆነ አደገኛ ነው። ሲያመልጥ ምን እንደሚደረግ ሐኪሙን ወይም ፋርማሲስቱን አስቀድማችሁ ጠይቁ።
- ማንቂያው የሚደርሰው ቅርብ ላለ ሰው ይሁን። ዱባይ ያለች እህታችሁ ትደውላለች እንጂ ውኃ ማቀበል አትችልም።

ቤቱ ውስጥ በየቀኑ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ላለው ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት።