ዝገት፣ ጽዳትና ፊደል፦ ከኦምዱርማን እስከ አክሱም በሳንቲም ላይ የተጻፈው ቃል አጠባበቅ

ሳንቲም ለገበያ መገበያያ ነው፤ ለቋንቋ ታሪክ ግን ከመንግሥት እጅ የወጣ አጭር ጽሑፍ ነው። የብራና ጽሑፍ በየግልባጩ ይለወጣል፤ ሳንቲም ግን በተመታበት ጊዜ የተቀበለውን ፊደል ይዞ ይኖራል። ስለሆነም የቆየ ሳንቲምን ማጽዳት የዕቃ አያያዝ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የጽሑፍ ምንጭ ጥበቃም ነው። ይህ ጽሑፍ ከካርቱም ማዶ በኦምዱርማን ከተመቱት የማህዲያ ሳንቲሞች ተነሥቶ፣ ወደ አክሱም ሳንቲሞች በመሻገር፣ ጥገናና ጎጂ ጽዳት በንባብ ላይ የሚያስከትሉትን ልዩነት ይመረምራል።

ችግሩ ከስያሜው ይጀምራል። አማርኛ «ዝገት» በሚል አንድ ቃል ሁለት ተቃራኒ ነገሮችን ይጠራል። በመዳብ ሳንቲም ላይ በዘመናት ብዛት የሚፈጠረው ቀይና አረንጓዴ ንጣፍ ጥቅጥቅ ያለ ከሆነ ከሥሩ ያለውን ብረት ይጠብቃል፤ ብዙ ጊዜም የሳንቲሙ የመጀመሪያ ገጽታ፣ ከነፊደሉ፣ ተጠብቆ የሚገኘው በዚሁ ንጣፍ ውስጥ ነው። በአንጻሩ ከአፈር የገባ የክሎሪን ጨው ከእርጥበትና ከአየር ጋር ሲገናኝ ፈዛዛ አረንጓዴ ዱቄት ያወጣል፤ ይህም ሳንቲሙን ከውስጥ እየበላ ይቀጥላል። የመጀመሪያው ሊጠበቅ፣ ሁለተኛው ሊገታ ይገባል። ሁለቱን በአንድ ስም የሚጠራ ጽዳት ሁለቱንም በአንድነት ይፍቃል።

የኦምዱርማን ሳንቲሞች ለዚህ ግልጽ ማስረጃ ናቸው። በ1885 እ.ኤ.አ. ካርቱም በማህዲ ሠራዊት ከተያዘች በኋላ አዲሱ መንግሥት የራሱን ገንዘብ መምታት ጀመረ። በዚያው ዓመት ማህዲ ሲሞት ሥልጣኑን የወረሰው ኸሊፋ ዐብዱላሂ እስከ 1898 እ.ኤ.አ. በገዛበት ዘመን የብሩ መጠን እየቀነሰ፣ የመዳቡ እየጨመረ ሄደ፤ በመጨረሻም ብሩ በመዳብ ላይ የተቀባ ስስ ቅብ ወደ መሆን ደረሰ። ከሳንቲሞቹ ጽሑፎች መካከል «መቅቡል»፣ ማለትም ተቀባይነት ያለው፣ የሚለው ይገኛል። የዐረብኛው ቃል ሥር ከግእዙ «ተቀበለ» እና ከአማርኛው «ቅቡል» ጋር አንድ ነው። ብሩ እየሳሳ በሄደበት ዘመን ገንዘቡ ተቀባይነቱን በቃል ማወጁ ለታሪክም ለቋንቋም ትርጉም አለው። እንዲህ ያለውን ሳንቲም በአሲድ ያጸዳ ሰው ስሱን ቅብ ገፍፎ ቀይ መዳብ ብቻ ያስቀራል፤ በቃሉና በብረቱ መካከል የነበረው ተቃርኖ ማስረጃም አብሮ ይጠፋል። በሽቦ ብሩሽ የተፈተገ እንደሆነ ደግሞ የዐረብኛ ፊደላትን እርስ በርስ የሚለዩት ነጥቦች ይጠፋሉ፤ ወይም የተቦረቦረ ጉድጓድ ነጥብ መስሎ ይነበባል።

በአክሱም ሳንቲሞች ጉዳዩ ይበልጥ ይረቅቃል። የመጀመሪያው ሳንቲም አውጪ ንጉሥ እንዱቢስ በሦስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ግሪክኛ ተጠቀመ፤ ዋዜባ ደግሞ በግእዝ በማስጻፍ ቀዳሚ ሆነ። በኢዛና ዘመን በድንጋይ ላይ የአናባቢ ምልክቶች ሲታዩ፣ የሳንቲም ጽሑፍ ግን ከዚያም በኋላ ለብዙ ዘመን በአብዛኛው ያለ አናባቢ ቀጥሏል፤ ምልክቶቹ አልፎ አልፎ ብቻ ይታያሉ። የአንድ ንጉሥ ስም እስካሁን በ«መሐደየሰ» ተነባቢዎች ብቻ መጠራቱ ከዚህ የመጣ ነው። «ለ»ን ከ«ሉ» የምትለየው አንዲት አጭር ጭረት ናት። ጭረቷ የቀራጩ ሥራ ከሆነች የአናባቢ አጻጻፍ ታሪክ ማስረጃ ትሆናለች፤ የአጽጂው መርፌ ያሳረፋት ከሆነች ግን ሐሰተኛ ምስክር ናት። ከዚህም በላይ አንዳንድ የአክሱም የብርና የመዳብ ሳንቲሞች በንጉሡ ራስ ወይም በመስቀሉ ዙሪያ ስስ የወርቅ ቅብ ስላላቸው፣ ከሥሩ ያለው ብረት በአሲድ ሲበላ ወርቁ አብሮ ይረግፋል።

ትክክለኛው ጥገና ዝግተኛ ነው። ሳንቲሙ በቅድሚያ ይመዘናል፤ ሁለቱም ገጾቹ ፎቶ ይነሣሉ። ጽሑፉ በኤክስሬይ ሊታይ የሚችል ከሆነ ቀድሞ ይታያል። ቆሻሻው በአጉሊ መነጽር ሥር በጥቂት በጥቂቱ ይነሣል። ጨው የያዘ መዳብ በቤንዞትራያዞል ይታከምና እርጥበት በሌለበት ቦታ ይቀመጣል። ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ አሸዋና የጌጥ ማንጪያ ፈሳሽ ግን ሳንቲሙን ያበሩታል እንጂ አይጠግኑትም። የጠፋ ፊደል ተመልሶ አይጠገንም።

በካርቱም ይህ ጥንቃቄ አሁን አስቸኳይ ሆኗል። በ1971 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የሱዳን ብሔራዊ ሙዚየም በሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. በተቀሰቀሰው ጦርነት ተዘርፏል፤ ዩኔስኮም በመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ሕዝቡና ነጋዴዎች የሱዳንን ቅርሶች ከመግዛትና ከመሸጥ እንዲቆጠቡ ጠይቋል። ለገበያ የሚወጣ ቅርስ እንዲያብረቀርቅ ይፈለጋል፤ ማብራቱም የተገኘበትን አፈር ምልክት ያጠፋል። ከዚህ የሚከተለው ለቋንቋ አጥኚም ይሠራል፦ የሳንቲም ንባብ በሚታተምበት ጊዜ፣ ከፊደሉ ግልባጭ ጎን ሳንቲሙ ጸድቶ እንደሆነ፣ በምን ዘዴ እንደጸዳና ከጽዳት በፊት የተነሣ ፎቶ ስለመኖሩ ሊገለጽ ይገባል። ይህ ካልተገለጸ፣ በአንዲት ጭረት ላይ የቆመ የአናባቢ ክርክር የንጉሡን ቀራጭ ይሁን የአጽጂውን እጅ እንደሚያነብ መለየት አይቻልም።