ኤችዲአር የቪዲዮ ቅርጸቶች

ኤችዲአር በምስሉ ደማቅና ጨለማ ክፍሎች መካከል ከተለመደው ቪዲዮ የሰፋ የብርሃን ልዩነት እንዲታይ የሚያስችል የምስል አዘገጃጀትና አቀራረብ ዘዴ ነው። ለቤት ውስጥ እይታ በስፋት የሚሠራባቸው ቅርጸቶች ኤችዲአር10፣ ዶልቢ ቪዥን፣ ኤችዲአር10 ፕላስ እና ኤችኤልጂ ናቸው።

የተለመደው ቪዲዮ የሚዘጋጀው ለ100 ኒት (የብርሃን ድምቀት መለኪያ) ገደማ ብርሃን ነው። በዶልቢ የተቀየሰውና እ.ኤ.አ. በ2014 መስፈርት ሆኖ የወጣው ፒኪው የተሰኘ የብርሃን ስሌት ግን እስከ 10,000 ኒት ይደርሳል፤ ከኤችኤልጂ በቀር ሌሎቹ በመሠረቱ የቆሙት በእሱ ላይ ነው። አብዛኞቹ የቤት ቴሌቪዥኖች ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ብርሃን ስለሚያወጡ ምስሉን ወደ አቅማቸው ማውረድ ይኖርባቸዋል። የቅርጸቶቹ ዋና ልዩነት ይህ ሥራ በምን ዓይነት አጃቢ መረጃ እንደሚመራ ነው።

በ2015 የወጣው ኤችዲአር10 ለመላው ፊልም አንድ ወጥ መረጃ ብቻ ይሰጣል፤ የፈቃድ ክፍያ ስለሌለበት ግን የጋራ መነሻ ሆኗል። ዶልቢ ቪዥን መረጃውን በየትዕይንቱ ይለዋውጣል፣ እስከ 12 ቢት የቀለም ጥልቀትም ይፈቅዳል፤ አምራቾች ፈቃድ መግዛት አለባቸው። ሳምሰንግና አማዞን በ2017 ያስተዋወቁት ኤችዲአር10 ፕላስ ተለዋዋጭ መረጃን ያለ ሮያሊቲ ያቀርባል። ቢቢሲና የጃፓኑ ኤንኤችኬ ያዘጋጁት ኤችኤልጂ አጃቢ መረጃ አያስፈልገውም፤ ምልክቱ በተለመደው ቴሌቪዥንም ስለሚታይ ለቀጥታ ስርጭት ይመቻል።

የሳምሰንግ ቴሌቪዥኖች ዶልቢ ቪዥንን አይቀበሉም፤ በዚህ ቅርጸት የቀረበ ፊልም በእነሱ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚታየው በኤችዲአር10 ነው።