«የማን ልጅ ነህ?»

አበሻ ሲተዋወቅ ስም ጠይቆ አይበቃውም፡፡ «የማን ልጅ ነህ?» ይላል፡፡ መልስ ላለው ሰው ይሄ እንደ ሰላምታ ነው፡፡ መልስ ለሌለው ግን ፈተና ነው፡፡ ከትምህርት ቤት መዝገብ እስከ ቀበሌ መታወቂያ «የአባት ስም» የሚል ቦታ አለ፤ ያ ቦታ ባዶ ሲሆን አንገት የሚደፋው ደግሞ ምንም ያላጠፋው ልጅ ነው፡፡

ይህ ነገር ሲነሳ ሁላችንም ቶሎ የምናስበው ወልዶ የጠፋውን አባት ነው፡፡ አልተሳሳትንም፤ እንዲህ ያለው ሞልቷል፡፡ ዛሬ ግን እስቲ ስለ ሌላኛው እናውራ፡፡ ሳያገባ ወልዶ፣ «ልጄ ነው፣ ልየው» ብሎ በር ላይ ስለቆመው፡፡ ሕጋችንና ባህላችን ይህን ሰው እንዴት ሲያዩት ኖሩ?

ነገሩን መሬት ለማስያዝ ጫኖ እንውረድ፡፡ ከአርባ ምንጭ ወደ ወላይታ ሶዶ ሲወጡ፣ ከአባያ ሐይቅ ወዲህ፣ የሐሬ ወንዝ የሚያጠጣው የሙዝ ማሳ ያለበት አገር ነው፡፡ ሙዝ ባለበት ጫኝ፣ ሹፌርና ነጋዴ ይመላለሳል፡፡ አርባ ምንጭ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ያለባት ከተማ ናት፡፡ ወጣት በተገናኘበት ፍቅር አለ፤ ፍቅር ሁሉ ግን በሠርግ አያልቅም፡፡ እንበልና አንድ የጫኖ ልጅ ከሚወዳት ልጅ ወለደ፡፡ አልተጋቡም፤ አብረውም አልኖሩም፡፡ ተጣሉ፡፡ እሷ ሕፃኑን ይዛ ወላጆቿ ቤት ገባች፡፡ እሱ ወተትና ልብስ ይዞ ይሄዳል፤ በሩ አይከፈትለትም፡፡ (እገሌን አስበን አይደለም፤ ለምሳሌ ነው፡፡) ይህ ልጅ ምን መብት አለው?

በጋሞ ባህል ጥያቄው ቀላል አይደለም፡፡ ዘር የሚቆጠረው በአባት ነው፡፡ የበኩር ልጅ፣ «ባይራ» የሚባለው፣ የቤተሰቡን ሥርዓት የሚወርስ ነው፡፡ እናም ማን የማን በኩር እንደሆነ ማወቅ የሰፈር ወሬ ብቻ ሳይሆን የቤት ጉዳይ ነው፡፡ ልጁን ያላወቀ አባት ልጅ ብቻ ሳይሆን ቦታም ነው የሚያሳጣው፡፡

ወደ ሰሜንና ወደ መሀል አገር ብንሄድም የአባት ቃል ጉልበት ያው ነው፡፡ ነገሥታቱን ተመልከቱ፡፡ አፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ቆስለው ሲሞቱ፣ እስከዚያ የወንድማቸው ልጅ ተብለው የሚታወቁትን መንገሻን «ልጄ ነው» ብለው ወራሽ አደረጓቸው፡፡ አንድ ዓረፍተ ነገር የአንድን ሰው አባት ቀየረ፡፡ ንግሥት ዘውዲቱም አሉ፡፡ እናታቸው ወይዘሮ አብቺ ከምኒልክ ጋር የተለያዩት ልጅቱ ገና ሕፃን ሳሉ ነው፤ ዘውዲቱ ያደጉት አባታቸው ዘንድ ሲሆን በ1909 ዓ.ም. ዙፋን ላይ ወጡ፡፡ በዚያ ዘመን ወሳኙ ነገር የእናትና የአባት ጋብቻ ሳይሆን የአባትየው አፍ ነበር፡፡ «የኔ ነው» ካለ ነው፡፡ ዝም ካለ ግን ልጁ «ዲቃላ» ተብሎ ይቀራል፡፡ የእናትየውን ቃል የሚጠይቅ አልነበረም፤ የልጁንማ ተውት፡፡

ይህንን አፍ ወደ ወረቀት የቀየረው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፡፡ ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው ይህ ሕግ ወደ አባትነት የሚወስዱ መንገዶችን ለየ፡፡ በጋብቻ ውስጥ የተወለደ ልጅ አባቱ ባልየው ነው፡፡ ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት አብረው ከኖሩ፣ በዚያ ጊዜ የተፀነሰው ወይም የተወለደው ልጅ አባት አብሮ የኖረው ሰው ነው ተብሎ ይገመታል፡፡ ከዚህ ውጭ ያለው፣ ማለትም የኛ የጫኖ ልጅ ዓይነቱ፣ የቀረው መንገድ «ልጅነትን መቀበል» ነው፡፡ ይኸውም በፈቃዱ ቀርቦ «ልጄ ነው» ማለት፡፡ ካላለስ? አንቀጽ 721 ቁርጡን ይናገራል፡፡ አባት ያልተቀበለው ልጅ በሕግ ዝምድና ያለው ከእናቱ ጋር ብቻ ነው፡፡ ሰውየውን አስገድዶ አባት ማሰኘት የሚቻለው በአንቀጽ 758 መሠረት እናትየው ተጠልፋ ወይም ተደፍራ ከሆነ ብቻ ነበር፡፡

ልብ በሉ፡፡ «አገባሻለሁ» ብሎ አታልሎ፣ አስረግዞ፣ ቀን ሲጨልም አውቶብስ ላይ የወጣ ሰው በዚህ ሕግ ነፃ ነው፡፡ ሕጉ በሩን ለወንዱ ክፍት አድርጎ ትቶታል፤ ሲፈልግ ይገባል፣ ሲፈልግ ይወጣል፡፡

አንድ ነገር ግን ጨምሯል፡፡ የወንዱ ቃል እናትየው «አዎ፣ እውነት ነው» ብላ ካልተቀበለችው ዋጋ የለውም አለ፡፡ በነገሥታቱ ዘመን ያልነበረ ድምፅ ነው ይሄ፡፡ ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ማንም መንገደኛ ተነስቶ «ያ ልጅ የኔ ነው» እንዳይል፡፡

ከዚያ ዘመን ተለወጠ፡፡ ኢትዮጵያ የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንን በ1984 ዓ.ም. ተቀበለች፡፡ በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ አንቀጽ 36 ላይ ሁለት ትልልቅ ነገሮችን አስቀመጠ፡፡ አንደኛ፣ ሕፃን ወላጆቹን የማወቅና የእነሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት አለው፡፡ ሁለተኛ፣ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ በጋብቻ ከተወለደው ጋር እኩል ነው፡፡ «ዲቃላ» የሚለው ቃል ከሕግ በር ላይ ወደቀ፡፡ ከሰፈር በር ላይ መቼ እንደሚወድቅ እናንተው ፍረዱ፡፡

በ1992 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ወጣ፡፡ ክልሎችም የራሳቸውን አወጡ፡፡ ጫኖ ያኔ የነበረችበት የደቡብ ክልል ሕግ አዋጅ ቁጥር 75/1996 ነው፡፡ (ከ2015 መጨረሻ ወዲህ አካባቢው በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ነው፡፡) የፌዴራሉ ሕግ አንቀጽ 143 አባትነት በፍርድ ቤት የሚረጋገጥበትን መንገድ አሰፋው፡፡ መጥለፍና መድፈር ብቻ ሳይሆን በጋብቻ ተስፋ ማታለልም ገባ፡፡ ሰውየው የጻፈው ደብዳቤ ገባ፡፡ እንደ አባት ሆኖ በልጁ ቀለብ፣ እንክብካቤና አስተዳደግ መካፈሉም ማስረጃ ሆነ፡፡ አውቶብስ ላይ የወጣው ሰውዬ ተመልሶ ወረደ ማለት ነው፡፡

ይህ ትልቅ ድል ነው፤ እናቶችና ሴት የሕግ ባለሙያዎች የታገሉለት፡፡ ግን ሕጉ የተጻፈው ዓይኑን በሸሸው ሰው ላይ ተክሎ ነው፡፡ በሩ በዋናነት የተከፈተው አባትን ለሚፈልጉት ለእናትና ለልጅ ነው፡፡ ልጅን ለሚፈልገው አባት የእናትየው ይሁንታ ያው እንደ ቀድሞው ይጠበቃል፡፡ ወላጆችና ልጆች እርስ በርስ የመጠያየቅ መብታቸውስ? እሱም ተጽፏል፡፡ የተጻፈው ግን አንቀጽ 113 ላይ፣ ስለ ፍቺ በሚናገረው ቦታ ነው፡፡ ያልተጋባ ደግሞ አይፋታም፡፡

ታዲያ ደም ብቻውን ይበቃል? የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ጥቅምት 26 ቀን 2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 መልስ ሰጥቷል፡፡ ጉዳዩ የመጣው ከዚያው ከደቡብ ክልል ነው፡፡ እናቱ የሞተችበት ልጅ ነበር፡፡ ያሳደገችው አክስቱ ናት፡፡ አባት መጥቶ «በሕይወት ያለሁት ወላጅ እኔ ነኝ» አለ፤ የክልሉ ፍርድ ቤቶችም ፈረዱለት፡፡ ሰበር ግን ሻረው፡፡ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 ንዑስ አንቀጽ 2 እና የኮንቬንሽኑን አንቀጽ 3 ጠቅሶ፣ ከሁሉም የሚቀድመው የሕፃኑ ጥቅም ነው አለ፡፡ ልጁን ሳይንከባከብ የቆየ አባት በደም ብቻ አይረከበውም፡፡ የሰበር ትርጉም በአዋጅ ቁጥር 454/1997 የተነሳ የክልል ፍርድ ቤቶችንም ሁሉ ያስገድድ ነበርና ይህ ቃል ጫኖም ይደርሳል፡፡

ይህን ፍርድ ያነበቡ አንዳንድ ወንዶች «ሕግ አባትን ጠላ» ብለው ይደመድሙ ይሆናል፡፡ እኛ ግን ተቃራኒውን ነው የምናነበው፡፡ አንቀጽ 143 «ያሳደገ አባት ነው» ይላል፡፡ ሰበር «ያላሳደገ በስሙ ብቻ አይውሰድ» ይላል፡፡ ሁለቱ አንድ ነገር ናቸው፡፡ አባትነት ከአፍ ወደ እጅ ወርዷል! እንግዲያው ወተት ይዞ በር ላይ የቆመው ልጅ ከማንም በላይ የሚሰማ ክርክር አለው ማለት ነው፡፡

የቀረው በሩን ማን ይከፍታል የሚለው ነው፡፡ የእናትየውን ድምፅ እናንሳ አንልም፡፡ የደፈራት ሰው «አባት ነኝ» ብሎ በልጇ በኩል ዳግመኛ እንዳይገባባት የሚከለክለው ያ ድምፅ ነው፡፡ ግን ከ«እምቢ» በኋላ ዳኛ ይኑር እንላለን፤ ጥያቄውም «ለዚህ ልጅ የሚበጀው የቱ ነው?» የሚል ይሁን፡፡ በጀርመን ያልተጋባ አባት ያለ እናትየው ፈቃድ የማሳደግ ሥልጣንን መጋራት አይችልም ነበር፡፡ አንድ አባት ስትራስቡርግ ድረስ ሄዶ ተከራከረ፡፡ የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2009 የእናት እምቢታ በዳኛ አለመመርመሩ አድልዎ ነው አለ፤ ጀርመንም በ2013 ሕጓን አስተካከለች፡፡ ጎረቤታችን ኬንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 ሕገ መንግሥቷ፣ እናትና አባት ተጋቡም አልተጋቡም ለልጃቸው እኩል ኃላፊነት አለባቸው ብላ ጽፋለች፡፡ ኃላፊነት ያለችውን ቃል ልብ በሉልን፡፡

እስከዚያስ? የኛ የጫኖ ልጅ ሊያደርገው የሚችል ነገር አለ፡፡ ፍቅሩ ሳይሻክር፣ ልጁ ሲወለድ፣ ሁለቱም ወላጆች ቀርበው ያስመዝግቡ፡፡ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት በ2008 መጨረሻ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ልጅነትን መቀበልንም ይመዘግባል፡፡ ቀለቡን በየወሩ ይስጥ፣ ደረሰኙንም ይያዝ፡፡ ቀለብ ግን የመግቢያ ትኬት አይደለም፡፡ ልጁን ባያሳዩትም ልጁ ይበላል፤ ቀለብ ቢያንሰውም ልጁ አባቱን የማወቅ መብቱ አይቀነስበትም፡፡

ሽማግሌም አለ፡፡ በመስከረም 2011 አርባ ምንጭ ላይ እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው ለበቀል የወጣ ወጣት የመለሱ የጋሞ አባቶች፣ ጠብ የሌለበትን ጉዳይ «እሑድ እሑድ ልጁን ይየው» ብሎ ማስማማት አያቅታቸውም፡፡ ዱላና መድፈር ያለበት ጉዳይ ግን የሽማግሌ ሳይሆን የፍርድ ቤት ነው፤ እሱ ላይ ድርድር የለንም፡፡

አባት ልጁን የማየት መብት አለው ወይ ተብሎ ሲጠየቅ መልሳችን ይኼ ነው፤ ልጁ አባቱን የማየት መብት አለው፡፡ የሚያሳድግ አባት በዚህ መብት ውስጥ ቦታ ያገኛል፡፡ ሕጉም ይህንን በግልጽ ይጻፍለት፡፡