በሦስት ባንዲራ ሥር መሬታቸውን ያልለቀቁት ወይዘሮ ሁዋና ብሪዮኔስ



በካሊፎርኒያ ፓሎ አልቶ ከተማ በሁዋና ብሪዮኔስ ስም የሚጠራ መናፈሻና አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። ከእኛ መካከል በአካባቢው የሚሠሩ፣ ልጆቻቸውንም በመናፈሻው የሚያጫውቱ ብዙዎች ናቸው። ስሙን በየቀኑ እናየዋለን፤ ሴትዮዋ ማን እንደነበሩ ግን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ስለዚህ በዚህ ዕትም የታሪክ ዓምዳችን የእሳቸውን ሕይወት ከመነሻው እስከ መድረሻው ልንከተል ወደድን። ማንበብና መጻፍ ሳይችሉ፣ ስምንት ልጆች እያሳደጉ፣ ወደ 44 ጋሻ የሚጠጋ መሬት በራሳቸው ስም ገዝተው፣ መንግሥት ሲለዋወጥ ሳያስነጥቁ 87 ዓመት የኖሩ ሴት ናቸው። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ትውልድና አስተዳደግ

ወይዘሮ ሁዋና የተወለዱት በ1802 ቪያ ዴ ብራንሲፎርቴ በምትባል መንደር ነው፤ ዛሬ የሳንታ ክሩዝ ከተማ አካል ናት። ያኔ ካሊፎርኒያ የስፔን ግዛት የመጨረሻ ጠረፍ ነበረች። አባታቸው ማርኮስ ብሪዮኔስ ወታደር ነበሩ። እናታቸው ኢሲዶራ ታፒያ ደግሞ በልጅነታቸው፣ በ1776፣ ከሜክሲኮ ሰሜናዊ ክፍል በረሃ አቋርጦ ከመጣው የሰፋሪዎች ጉዞ ጋር የደረሱ ናቸው። ቤተሰቡ የአፍሪካ፣ የአገሬው ነባር ሕዝብና የስፔን ደም የተቀላቀለበት ነበር። ከስፔን መሐል አገር ርቆ በዚያ ጠረፍ የሰፈረው ሕዝብ አብዛኛው እንዲህ ዓይነት ድብልቅ ትውልድ ያለው ነው።

እናታቸው በ1812 ሲሞቱ ቤተሰቡ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ የጦር ሰፈር ተዛወረ። ለሴት ልጅ ትምህርት ቤት አልነበረም። ሁዋና የተማሩት ከብት ማለብን፣ መስፋትን፣ አትክልት ማልማትንና ቅጠል ለይቶ ሕመምተኛ ማከምን ነው። የመድኃኒቱን ዕውቀት ያገኙት ከራሳቸው ቤተሰብና ከነባሩ ሕዝብ ሴቶች ነበር።

በ1820፣ በ18 ዓመታቸው፣ አፖሊናሪዮ ሚራንዳ የሚባል ወታደር አገቡ። አሥራ አንድ ልጆች ወልደው ስምንቱ አደጉላቸው። ከእነዚህ ሌላ ከነባሩ ሕዝብ የተወለደች አንዲት ወላጅ አልባ ልጅ ወስደው አሳደጉ። ትዳር በያዙ በዓመቱ ሜክሲኮ ከስፔን ነጻ ወጣችና በካሊፎርኒያ የሚውለበለበው ባንዲራ ተለወጠ።

ወተት፣ አትክልትና መድኃኒት

በ1836 ገደማ ወይዘሮ ሁዋና የርባ ብዌና በተባለው ስፍራ የራሳቸውን ቤት ሠሩ። የርባ ብዌና በስፔንኛ «መልካም ቅጠል» ማለት ሲሆን፣ በአካባቢው የሚበቅል፣ እንደ ናና የሚሸት፣ ተፈልቶ የሚጠጣ ተክል ስም ነው። በኋላ ሳን ፍራንሲስኮ የሆነችው ከተማ የተነሣችው ከዚያች መንደር ነው። ቤታቸው የነበረው ዛሬ ዋሽንግተን አደባባይ በሚባለው መናፈሻ አጠገብ ነበር።

በዚያን ዘመን ከቦስተን የሚመጡ መርከቦች ለቆዳና ለሞራ ንግድ ወደ ባሕረ ሰላጤው ይገቡ ነበር። ቆዳ እንደ ገንዘብ ስለሚያገለግል «የካሊፎርኒያ የባንክ ኖት» እስከ መባል ደርሶ ነበር። መርከበኞቹ ወራት ሙሉ በባሕር ላይ በደረቅ ስንቅ ቆይተው ሲወርዱ የሚናፍቁት ወተት፣ እንቁላልና ትኩስ አትክልት ነው። ወይዘሮ ሁዋና ይህን ገበያ አይተው ላሞቻቸውን አለቡ፣ ጓሯቸውን አለሙ፣ ሸጡም። የባሕሩ ዳርቻ ሳይቀር «የሁዋና ብሪዮኔስ ዳርቻ» ተባለ። ከመርከብ ኮብልለው የሚመጡ ወጣት መርከበኞችንም ይደብቁና ያበሉ እንደነበር ይነገራል።

ሕመምተኛና ነፍሰ ጡርም በራቸውን ያንኳኳ ነበር። አዋላጅ ነበሩ፤ አጥንት ይጠግኑ ነበር፤ በቅጠልም ያክሙ ነበር። በ1834 ከባሕረ ሰላጤው በስተሰሜን በምትገኘው ቦሊናስ ፈንጣጣ በገባ ጊዜ ሄደው ሕሙማንን አስታመሙ። የወንድማቸውን ልጅ ፓብሎን አሠልጥነውት እሱም በዚያ አካባቢ የታወቀ ሐኪም ሆነ።

ከባል መለየት

ገንዘቡን የሚያመጡት እሳቸው ነበሩ፤ ባልየው ግን ይጠጣ ነበር፣ ይመታቸውም ነበር። ነገሩ የአካባቢው ሹማምንት ዘንድ ደርሶ ነበር። ወይዘሮ ሁዋና በ1844 ለካሊፎርኒያው የካቶሊክ ጳጳስ አቤቱታ አቀረቡ። መጻፍ ስለማይችሉ ቃላቸውን በሌላ ሰው እጅ አስጻፉ። ቤቱን በላባቸው የሚያስተዳድሩት እሳቸው መሆናቸውን፣ ባልየው ያገኙትን እንደሚያባክን፣ ድብደባውም ለራሳቸውና ለልጆቻቸው እንደሚያስፈራቸው ዘረዘሩ።

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ፍቺ አትፈቅድም። እሳቸውም የጠየቁት ተለይቶ መኖርን ነበር፤ ከዚያ በኋላም ከባልየው ተለይተው ኖሩ። አፖሊናሪዮ በ1847 ሞተ።

አቤቱታው ለእኛ ለአንባቢዎች ሌላ ጥቅም አለው። ወይዘሮ ሁዋና በእጃቸው የጻፉት ደብዳቤ የለም። የታሪክ ጸሐፊዎች ዱካቸውን ያገኙት በሚሲዮኖች የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ፣ በዚህ አቤቱታና በመሬት ክርክር ፋይሎች ነው። ፍለጋውን ያቀለለው ደግሞ ስማቸው አለመለወጡ ነው። በስፔኖች ልማድ ሴት ስታገባ እንደ እኛው አገር የአባቷን ስም ይዛ ትቀጥላለች። ስለዚህ በ1820 ያገቡትም፣ በ1844 መሬት የገዙትም፣ በ1871 የባለቤትነት ወረቀት የተቀበሉትም በአንድ ስም ይገኛሉ፦ ሁዋና ብሪዮኔስ።

300 ዶላርና 44 ጋሻ

አቤቱታቸውን ባቀረቡበት በ1844 ወይዘሮ ሁዋና ራንቾ ላ ፑሪሲማ ኮንሴፕሲዮን የተባለውን ርስት በ300 ዶላር ገዙ። ስፋቱ ወደ 4,400 ኤከር ነው፤ በእኛ መለኪያ ወደ 44 ጋሻ ይሆናል። መሬቱ ዛሬ ሎስ አልቶስ ሂልስና የፓሎ አልቶ ክፍል የሆነው ኮረብታማ አገር ነው። በዓለም እጅግ ውድ ከሚባሉት መሬቶች አንዱ እንደሆነ የቤት ኪራይ የምንከፍል ሁላችን እናውቀዋለን።

ሻጮቹ ሆሴ ጎርጎኒዮና ልጁ ነበሩ። ከሳንታ ክላራ ሚሲዮን የነበሩ የነባሩ ሕዝብ ተወላጆች ሲሆኑ፣ መሬቱን በ1840 ከሜክሲኮው አገረ ገዢ በስጦታ ያገኙት ናቸው። እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልንል ይገባል። ከስፔንም ከሜክሲኮም በፊት በዚያ ምድር የሚኖሩት የኦሎኒ ሕዝብ ነበሩ። በሚሲዮኖቹ ዘመን በበሽታና በግዳጅ ሥራ አልቀው፣ ከተረፉት መሬት በስማቸው ያገኙት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። የወይዘሮ ሁዋና ብርታት ይህን ታሪክ አይሽረውም። የሁለቱንም እውነት አብረን እንይዛለን።

ሴት ባሏ በሕይወት እያለ በራሷ ስም መሬት መግዛት የቻለችው በሕጉ ምክንያት ነው። በስፔንና በሜክሲኮ ሕግ ያገባች ሴት የግል ንብረት ይኖራታል፤ ትገዛለች፣ ትሸጣለች፣ ትወርሳለች፣ ታወርሳለች። በእንግሊዝ ልማዳዊ ሕግ ግን፣ አሜሪካኖቹም ከምሥራቅ ይዘውት በመጡት፣ ያገባች ሴት ንብረት በባሏ እጅ ይገባ ነበር። ካሊፎርኒያ በ1849 ሕገ መንግሥቷን ስታወጣ የሚስት የግል ንብረት ተለይቶ እንዲጠበቅ ደነገገች። ይህ ከሜክሲኮ ዘመን የተወረሰ ነው።

በኮረብታው ላይ ወይዘሮ ሁዋና ቤት ሠሩ። ግድግዳው እንጨት ተማግሮ መሐሉ በጭቃ የተሞላ ነበር። በአካባቢው የተለመደው የጭቃ ጡብ ስለነበር ይህ ዓይነቱ አሠራር እዚያ እምብዛም አይገኝም፤ እኛ ግን ብናየው ከአገራችን የጭቃ ቤት ጋር ያለውን ዝምድና ወዲያው እንለየው ነበር።

መሬትን በሙግት ማቆየት

በ1846 የአሜሪካ ጦር በየርባ ብዌና ባንዲራውን ሰቀለ። በቀጣዩ ዓመት የመንደሯ ስም ሳን ፍራንሲስኮ ሆነ። በ1848 መጀመሪያ ወርቅ ተገኘ፤ ወዲያውም በጓዳሉፔ ሂዳልጎ ውል ካሊፎርኒያ ለአሜሪካ ተላለፈች። ውሉ የሜክሲኮ ዜጎች ንብረት እንደሚከበር ይናገር ነበር። ነገር ግን ወርቅ ፍለጋ የጎረፈው ሕዝብ መሬት ፈለገ፤ ብዙዎችም የሰው ርስት ላይ ሰፈሩ።

በ1851 የወጣው የመሬት ሕግ የማስረዳቱን ሸክም በባለ መሬቶቹ ላይ ጣለ። በስፔንና በሜክሲኮ ዘመን መሬት ያገኘ ሁሉ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ለአንድ ኮሚሽን ማስረጃውን አቅርቦ የእሱ መሆኑን ማሳመን ነበረበት፤ ያላቀረበ መሬቱን ያጣል። ለኮሚሽኑ የቀረበው ጉዳይ 813 ነበር። ወረቀቱ በስፔንኛ፣ ክርክሩ በእንግሊዝኛ ነው። የድሮው ካርታ በእጅ የተሣለ ንድፍ ነው፤ ወሰኑም ጅረት፣ ኮረብታና ዛፍ ነበር። ኮሚሽኑ ቢፈቅድ እንኳ ይግባኝ አለ፤ ከይግባኝ በኋላ ልኬት አለ። የመጨረሻው ወረቀት እስኪወጣ በአማካይ 17 ዓመት ይፈጅ ነበር። ብዙዎች ሙግቱን ረትተው መሬቱን ያጡት ለዚህ ነው፤ የጠበቃው ክፍያና የብድሩ ወለድ በላው።

ወይዘሮ ሁዋና ወረቀታቸውን አልጣሉም። ማንበብ ባይችሉም እያንዳንዱ ወረቀት ምን እንደሆነ ያውቁ ነበር። በኋላ በእርስ በርስ ጦርነቱ የሰሜኑ ጦር ጄኔራል የሆነውን ጠበቃ ሄንሪ ሃሌክን ያዙ። በ1871 የአሜሪካ መንግሥት የራንቾው ባለቤትነት ወረቀት በስማቸው ወጣ። መሬቱን ከገዙ 27 ዓመት ሆኗል፤ ዕድሜያቸውም 69 ደርሷል።

ሙግቱ ገና ሳያልቅ ከመሬቱ ሰፊውን ክፍል ማርቲን መርፊ ለሚባል የአየርላንድ ስደተኛ ሸጡ። የቀረውን ለልጆቻቸው አካፈሉ። እንደ ብዙዎቹ ጎረቤቶቻቸው መሬቱን ዕዳ እስኪወስደው አልጠበቁም፤ የሚሸጠውን ራሳቸው መርጠው ሸጡ፣ የሚሰጠውንም በሕይወት ሳሉ ሰጡ።

የመጨረሻ ዘመናቸው

በ1880ዎቹ፣ ጉልበታቸው ሲደክም፣ ልጆቻቸው አጠገብ ለመሆን ሜይፊልድ ወደምትባል ከተማ ወረዱ፤ ሜይፊልድ ዛሬ የፓሎ አልቶ ክፍል ናት። በታኅሣሥ 1889 እዚያው አረፉና ሜንሎ ፓርክ ተቀበሩ። በጎረቤታቸው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ እየተሠራ ነበር፤ ከሞቱ ሁለት ዓመት በኋላ በሩን ከፈተ። ሲወለዱ የስፔን ንጉሥ ተገዢ ነበሩ፤ የሞቱት ባቡር በሚያልፍባት የአሜሪካ ከተማ ነው።

በ1997 በሳን ፍራንሲስኮ ዋሽንግተን አደባባይ መታሰቢያ ተደረገላቸው። የኮረብታው ቤት ግን በ1989ኙ የመሬት መንቀጥቀጥ ተጎድቶ፣ ከረጅም የፍርድ ቤት ክርክር በኋላ በ2011 ፈረሰ። ከግድግዳው አንድ ክፍል ብቻ ተቆርጦ ተረፈ።

እኛስ ምን እንወስዳለን?

ይህን ታሪክ በማኅበራችን የቁጠባ ስብሰባ ላይ ስንነጋገርበት ጨዋታው ቶሎ ወደ ራሳችን ጉዳይ ዞረ። ከመካከላችን ለዓመታት የቤት ዕዳ አብረው ሲከፍሉ ቆይተው ስማቸው በወረቀቱ ላይ የሌለ እኅቶች አሉ። «እሱ ያውቀዋል» ብለው ውል ሳያነቡ የፈረሙም አሉ። በአገር ቤትም ቢሆን በአማራ ክልል የገጠር መሬት ደብተር ላይ የሚስት ስምና ፎቶግራፍ ከባል ጎን እንዲሰፍር መደረጉ ለእናቶቻችን ምን ማለት እንደሆነ የምናውቅ እናውቀዋለን።

ስለዚህ ከወይዘሮ ሁዋና ሕይወት ለሥራ የሚሆነውን ሦስት ነገር አውጥተናል። አንደኛ፣ ስማችን በወረቀቱ ላይ መኖሩን በዓይናችን እናረጋግጥ። ሁለተኛ፣ እንግሊዝኛው ቢከብደን አስነብበን እንጂ ገምተን አንፈርም፤ ወይዘሮ ሁዋናም ፊደል ባይቆጥሩ ጸሐፊና ጠበቃ ይዘው ነው የረቱት። ሦስተኛ፣ የቤት፣ የጋብቻ፣ የልደትና የባንክ ወረቀቶቻችንን በአንድ ቦታ እናስቀምጥ፤ የት እንዳሉም አንድ የምናምነው ሰው ይወቅ።

ወረቀት ማንበብ ለሚቸገሩ እኅቶች ከአባላቱ መካከል ጎበዝ አንባቢዎች ከወርሃዊው ስብሰባ በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል ይቀመጣሉ።  እኅቶች፣ ፖስታችሁን ሳትከፍቱ አታስቀምጡ፤ ይዛችሁ ኑ።