የዙር ምጣኔ፦ የቆየ ሞተር ሳይክል ስፒዶሜትር ሲሳሳት አስቀድሞ የሚፈተሽ ቁጥር

የዙር ምጣኔ፦ ሞተር ሳይክሉ አንድ ኪሎ ሜትር ወይም አንድ ማይል ሲሄድ የስፒዶሜትሩ ኬብል ስንት ጊዜ እንደሚዞር የሚነግረን ቁጥር ነው። እንግሊዞች «ተርንስ ፐር ማይል»፣ ጀርመኖች «ቬግድሬትሳል» ይሉታል። «ዙር በማይል» ብለን እንዳናስቀረው ማይል ለእኛ የየዕለት መለኪያ አይደለም። «ምጣኔ» ግን እንደ «የልደት ምጣኔ» ባሉ አጠራሮች የአንዱን ብዛት ከሌላው አንጻር ለመግለጽ ስለለመድነው፣ ለማይልም ለኪሎ ሜትርም ያገለግላል።

ቁጥሩ ተደብቆ የተቀመጠ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ትራያምፍ፣ ቢኤስኤና ኖርተን ላይ በሚገኘው የስሚዝስ ስፒዶሜትር ፊት ግርጌ በደቃቅ አሃዝ 1000፣ 1250 ወይም 1600 ተብሎ ታትሞ ይታያል፤ በማይል የሚቆጠር የዙር ምጣኔ ነው። በአሮጌ ቢኤምደብልዩ ላይ ባለው የቪዲኦ ስፒዶሜትር ደግሞ ከ«ደብልዩ» ፊደል አጠገብ 0.773ን የመሰለ ቁጥር ይገኛል። ኬብሉ በአንድ ሜትር 0.773 ጊዜ፣ በኪሎ ሜትር 773 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው።

የዚህን ቁጥር ጥቅም ለመረዳት የስፒዶሜትሩን ሆድ ማወቅ ይጠይቃል። ጀርመናዊው ኦቶ ሹልትዘ በ1902 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ዘዴ ዛሬም በብዙ የቆዩ ሞተሮች ላይ አለ። ኬብሉ አንድ ማግኔት ያዞራል። በማግኔቱ ላይ ሳይነካው የተደፋ ቀላል የአሉሚኒየም ቆብ አለ። ማግኔቱ ሲዞር በቆቡ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈጠርና ቆቡን ወደ ዙሩ አቅጣጫ ይስበዋል፤ እንደ ፀጉር የቀጠነ ሞላ ደግሞ ወደ ኋላ ይይዘዋል። ቀስቱ የሚቆመው ሁለቱ ኃይሎች እኩል በሆኑበት ቦታ ነው። የተጓዘውን ርቀት የሚቆጥረው ክፍል ግን ከዚያው ኬብል በጥርሶች ብቻ ይነዳል፤ ማግኔትም ሞላም አያውቅም።

የምርመራው ቁልፍ ያለው እዚህ ልዩነት ላይ ነው። በስልክ ጂፒኤስ 10 ኪሎ ሜትር ለክተው ሲሄዱ የርቀት ቆጣሪው ትክክል ሆኖ ቀስቱ ከተሳሳተ ችግሩ ስፒዶሜትሩ ውስጥ ነው። ሁለቱም በአንድ መጠን ከተሳሳቱ ግን ስፒዶሜትሩን መፍታት ትርፉ ድካም ነው፤ የተዛባው የዙር ምጣኔው ነው።

የሞተሩን ትክክለኛ ምጣኔ ለማግኘት ሜትር፣ ጠመኔና አንድ ረዳት ይበቃሉ። ኬብሉ ከስፒዶሜትሩ በኩል ይፈታና በውስጠኛው ሽቦ ጫፍ ላይ ትንሽ የወረቀት ባንዲራ ይለጠፋል። የጎማው ንፋስ ይስተካከላል፤ ክብደት ጎማውን ስለሚያሳጥረው ሰው ይቀመጥበታል። ጎማውና መሬቱ የሚነካኩበት ቦታ በጠመኔ ምልክት ይደረግበታል። ከዚያ ኬብሉን የሚነዳው ጎማ 6 ጊዜ እስኪዞር ሞተሩ ቀጥ ብሎ ይገፋል፤ ባንዲራው የዞረው ይቆጠራል፤ መሬት ላይ የተሄደውም ይለካል።

ባንዲራው 7 ዙር ተኩል ዞሮ መሬቱ 12 ሜትር ሆነ እንበል። 7.5 ለ12 ተካፍሎ በ1000 ሲባዛ በኪሎ ሜትር 625 ዙር ይመጣል። ይህ በ1.609 ሲባዛ በማይል 1006 ገደማ ነው። ስለዚህ 1000 የተጻፈበት ስፒዶሜትር ለዚህ ሞተር ልኩ ነው። ከገበያ የተገዛው ባለ 1600 ቢሆን ኖሮ ሞተሩ በሰዓት 60 ማይል ሲበር ቀስቱ ከ38 አያልፍም ነበር።

ምጣኔው ልክ ሆኖ ቀስቱ ብቻ ከተሳሳተ የስህተቱ ጠባይ ምንጩን ያጋልጣል። በ40 ላይ 8፣ በ80 ላይም 8 ከጨመረ ቀስቱ ተነቅሎ ያለ ቦታው ተመልሷል። በ40 ላይ 4፣ በ80 ላይ 8 እያለ ከፍጥነቱ ጋር ካደገ ግን ማግኔቱን ወይም ሞላውን ይመለከታል። ማግኔት ሲደክም ቀስቱ ዝቅ ብሎ ያነባል፤ ሞላ ሲላላ ከፍ ብሎ ያነባል። ማግኔት ማጠንከርና ማላላት መሣሪያ ያለው ባለሙያ ሥራ ነው። ቀስቱ ከተንቀጠቀጠ ደግሞ ስፒዶሜትሩን ከመውቀስ በፊት ኬብሉ ደርቆ ወይም ተጣጥፎ እንደሆነ ይታይ። ኬብሉ ግራሶ ሲቀባ ወደ ስፒዶሜትሩ የሚገባው ጫፍ ሳይቀባ ይቀራል፤ ግራሶው ወጥቶ ማግኔቱና ቆቡ መካከል ከገባ ቀስቱን እስከ መጨረሻው ይጎትተዋል።

ሁለት ነገሮች ግን ብልሽት አይደሉም። ከ1960ዎቹ በፊት በብዙ የእንግሊዝ ሞተሮች ላይ የነበረው ባለ ሰዓት አሠራሩ የስሚዝስ «ክሮኖሜትሪክ» ቀስቱን እያዘለለ ነው የሚያሳየው፤ ጠባዩ ነው። ቀስቱ ከእውነተኛው ፍጥነት በጥቂቱ ከፍ ማለቱም የተለመደ ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 39 ስፒዶሜትር ከእውነተኛው ፍጥነት በታች እንዳያነብ ይከለክላል።

የዙር ምጣኔ ከተዛባ መፍትሔው ሦስት ነው፦ ትክክለኛውን የጎማ መጠን መመለስ፣ ኬብሉን የሚያዞረውን ጥርስ መቀየር፣ ወይም በመካከል ምጣኔ የሚለውጥ ትንሽ ካምቢዮ ማስገባት። ኬብሉ ከካምቢዮ የሚነሳ ከሆነ የካቴናውን ጥርስ መቀየርም ምጣኔውን ያዛባል፤ እንደ 1969ኙ ሆንዳ ሲቢ 750 ከፊት ጎማ ከተነሳ ግን ለውጡ አይነካውም።

በአነጋገር፦ «ስፒዶሜትሩ ደህና ነው፣ የዙር ምጣኔው ግን ከሞተሩ ጋር አይገጥምም።» «ያገለገለ ስፒዶሜትር ከመግዛትህ በፊት የዙር ምጣኔውን ጠይቅ።»